ቁልፍ ስለ መስጠትና ቁልፍ ስለ መንፈግ፤ ተጠባባቂ ሰርቨሮች ምስጢር እንዲያነቡ ስለሚደረግበት ዘዴ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ምስጢር ጠባቂ ሰርቨር የሚባለው ነገር ስሙ በብዙዎቻችን ዘንድ ገና ያልተለመደ ቢሆንም ሥራው ግን ከማንኛውም መሥሪያ ቤት ካዝና ሥራ የተለየ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ፕሮግራሞች ወደ ዳታቤዝ የሚገቡበትን የይለፍ ቃል፣ ከባንክ ጋራ የሚነጋገሩበትን ቁልፍ፣ ማንነታቸውን የሚያስመሰክሩበትን የምስክር ወረቀት በየኪሳቸው ይዘው እንዳይዞሩ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል። የፈለገው ፕሮግራም ማንነቱን አስረድቶ፣ የተፈቀደለትን ብቻ፣ ስሙ በመዝገብ ተጽፎ ይወስዳል።

ካዝናው አንድ ብቻ ሆኖ ቢበላሽ ሥራው ሁሉ ይቆማልና፣ ዛሬ የሚሠራበት ደንብ ሦስት ወይም አምስት ሰርቨሮችን በአንድ ማኅበር ማያያዝ ነው። ባለሙያዎች ይህን ማኅበር ክላስተር ይሉታል። ከነዚህ አንዱ መሪ ይሆናል፤ የቀሩት ተጠባባቂዎች ናቸው። ቅሬታውም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። «አምስት ሰርቨር ገዝተን የሚሠራው አንዱ ብቻ ከሆነ የአራቱ ጥቅም ምንድን ነው? ንባቡስ ስለ ምን ይዘገያል?» ይባላል። ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «እንግዲያውስ ተጠባባቂዎቹም ያንብቡ» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ መልስ ነው።

የምንከራከርለት ነጥብ አንድ ነው። የምስጢር ካዝና የሚመዘነው ቁልፉን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን፣ እንዳይሰጥ በታዘዘ ጊዜ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነፍግ ጭምር ነው። ተጠባባቂዎችን የማስነበብ ዘዴ የመጀመሪያውን ፍጥነት ሲያሻሽል ሁለተኛውን ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህም ከመቀበላችን በፊት ሁለቱን ለያይተን መለካት ይገባናል።

ነገሩ ለሩቅ አገር ኩባንያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት፣ የቡና ንግድ ከሚዛንና ከጆንያ ባሻገር የመዝገብ ሥራ ሆኗል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በመጋዘን የገባ ቡና በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሲገበያይ ቆይቷል። ቴሌብር በ2021 ተጀምሮ ክፍያ በስልክ መፈጸም ተለመደ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጥበቃ ሕግ ደግሞ ወደዚያ የሚገባ ቡና የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ የት እንደ ሆነ እንዲገለጽ ያዛል። የገበሬው ስም፣ የማሳው ሥፍራና የተከፈለው ገንዘብ በአንድነት በሚጻፉበት ዳታቤዝ በስተኋላ ቁልፍ አለ። ይህንንም መረጃ መጠበቅ ግዴታ መሆኑን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2024 ደንግጓል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካዝናው የሚሠራበት ደንብ

ምሳሌ አድርገን የምንወስደው ሃሺኮርፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2015 ያወጣውን ቮልት የተባለ ፕሮግራም ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ረገድ በሰፊው የታወቀው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ኩባንያው በ2023 የፈቃዱን ደንብ ስላጠበበ፣ ሌሎች ሰዎች ከቀድሞው ነፃ ፈቃድ ተነሥተው ኦፕንባዎ የተባለውን ቅርንጫፍ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር አቋቁመዋል። የሁለቱም አጥንት አንድ ነውና የምንለው ለሁለቱም ይሠራል።

ሰርቨሩ ሲነሣ ተቆልፎ ነው የሚነሣው። ለመክፈት የሚያስፈልገው ዋና ቁልፍ፣ አዲ ሻሚር በ1979 ባወጣው የሒሳብ ዘዴ ተከፋፍሎ ለብዙ ሰዎች ይሰጣል። በተለመደው አሠራር ቁልፉ 5 ድርሻ ይሆንና ከነዚያ ማንኛቸውም 3ቱ ሲሰበሰቡ ይከፈታል። ይህም ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ሹሙ በየግላቸው ቁልፍ ይዘው አንዱ ያለ ሌላው ካዝናውን እንዳይከፍት ከሚደረግበት ልማድ ጋራ አንድ ነው።

የሰርቨሮቹ ማኅበር የሚተዳደረው ራፍት በተባለው ደንብ ነው። ይህን ደንብ ዲየጎ ኦንጋሮና ጆን አውስተርሃውት በ2014 ያቀረቡት ሲሆን፣ ቮልት በራሱ ማከማቻ ውስጥ አስገብቶ በ2020 ለሙሉ ሥራ አውሎታል። የደንቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ አዲስ ነገር የሚጽፈው መሪው ብቻ ነው፤ የጻፈውንም ለሌሎቹ ይልካል፤ ከአባላቱ የሚበዙት በዲስካቸው ላይ ሲያሰፍሩት የጸና ይሆናል። ከ3 አባላት 2፣ ከ5 አባላት 3 መስማማት አለባቸው።

አሁን የአንዲት ንባብ ጉዞ እንከተል። ፕሮግራሙ ጥያቄውን ለተጠባባቂ ሰርቨር ቢያቀርብ፣ ተጠባባቂው ራሱ አይመልስም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «መሪው እዚያ ነውና ወደዚያ ሂድ» ብሎ ይሸኘው ነበር፤ ከ2016 ወዲህ ግን ጥያቄውን ራሱ ተቀብሎ ወደ መሪው ያስተላልፋል፤ መልሱንም ይዞ ይመለሳል። መሪው ቶከን የሚባለውን የይለፍ ወረቀት ይመረምራል፣ ፈቃዱን ያያል፣ የተመሰጠረውን ይፈታል፣ ድርጊቱን በኦዲት መዝገብ ይጽፋል፣ ከዚያም ይመልሳል። ይህ መንገድ ባለጉዳይ ማመልከቻውን ለጸሐፊ ሰጥቶ፣ ጸሐፊው ወደ ሹሙ ቢሮ ወጥቶ እስኪመለስ በደጅ ከሚጠብቅበት መንገድ አይለይም።

የዘዴው ጥቅም

ሃሺኮርፕ በ2018 በክፍያ በሚሰጠው የቮልት ዓይነት ውስጥ የሚያነቡ ተጠባባቂዎችን አስገባ። በኦፕንባዎም ሠሪዎች ዘንድ ይኸው ሐሳብ ተይዞ ተሠርቶበታል። እንዲህ ያለው ተጠባባቂ ከመሪው የሚደርሰውን ጽሑፍ በራሱ ላይ እየተገበረ፣ ማከማቻውን የማይለውጥ ጥያቄ ሲመጣለት ራሱ ይመልሳል፤ የሚለውጥ ሲሆን ግን እንደ ቀድሞው ወደ መሪው ይልካል።

በቅንነት ለመናገር ዘዴው እውነተኛ ጥቅም አለው። የዴንማርኩ ኤርላንግ በ1909 ስለ ስልክ ጥሪዎች ጥናቱን ካወጣ ወዲህ የሰልፍ ሒሳብ የታወቀ ነው። በቀላሉ ቀመር፣ ሰርቨሩ በሴኮንድ ሊፈጽም ከሚችለው ላይ የሚመጣበትን ቀንሰን አንዱን ሴኮንድ ለቀሪው ብናካፍል፣ ጠቅላላው የቆይታ ጊዜ በአማካይ ይገኛል። መሪው በሴኮንድ 1,000 ንባብ መፈጸም ይችላል እንበል። 500 ቢመጡበት እያንዳንዱ 2 ሚሊ ሴኮንድ ይቆያል። 900 ቢመጡበት 10 ሚሊ ሴኮንድ፣ 990 ቢመጡበት ግን 100 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል። እንግዲህ 900ዎቹን ለሦስት እኩል ሰርቨሮች ብናካፍላቸው ለእያንዳንዱ 300 ይደርሰውና ቆይታው ወደ 1.4 ሚሊ ሴኮንድ ይወርዳል። ከ10 ወደ 1.4 መውረድ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህም ሌላ ካዝናው ቁልፉን ሳይሰጥ ራሱ የሚመሰጥርበትና የሚፈታበት አገልግሎት አለ። ይህ ሥራ አንጎለ ኮምፒዩተሩን የሚያደክም ቢሆንም ማከማቻውን አይለውጥም፤ ስለዚህ ለተጠባባቂዎች ቢከፋፈል መሪው ያርፋል። ዘዴውን የሚያመሰግኑ ሰዎች እስከዚህ ድረስ የሚሉት ትክክል ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት፤ ብዛትንና መዘግየትን ማምታታት

ዳሩ ግን ከዚህ በላይ ያለው ስሌት ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። ዘዴው የሚረዳው መሪው በሥራ ሲጨናነቅ ነው። ያው መሪ በሴኮንድ 50 ንባብ ብቻ ቢመጣበት ቆይታው 1.05 ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ ለሦስት ብናካፍለው 1.02 ይሆናል። ስለዚህ ማንም የማይሰማው ትርፍ ለማግኘት ሁለት ሰርቨር ማስነበብ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ጥያቄ ይስተናገዳል የሚለውና አንዱ ጥያቄ ስንት ጊዜ ይፈጃል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በብዙ መሥሪያ ቤቶች ያለው ሕመም ሁለተኛው ሲሆን የሚታዘዘው መድኃኒት ግን የመጀመሪያው ነው።

ታዲያ መዘግየቱ ከወዴት ይመጣል? ከጅማ ከተማ በቾ ቦሬ ቀበሌ የሚሠራ የአንድ ቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት አለ እንበል፤ መሪው ሰርቨር ደግሞ በአዲስ አበባ ይሁን። የመንገዱ ርቀት ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር መስመር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ መስመሩ መንገዱን ተከትሎ ቢዘረጋ ለአንድ ደርሶ መልስ ከ3.5 ሚሊ ሴኮንድ ማነስ አይችልም። አሁን ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ንባብ አዲስ ግንኙነት የሚከፍት ከሆነ እንቁጠር። ግንኙነቱን ለመመሥረት 1 ደርሶ መልስ፣ በ2008 በወጣው የቲ.ኤል.ኤስ 1.2 ደንብ ምስጠራውን ለመስማማት 2 ደርሶ መልስ፣ ለጥያቄው ራሱ 1፤ በጠቅላላው 4 ደርሶ መልስ ወይም 14 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል። በ2018 የወጣው ቲ.ኤል.ኤስ 1.3 አንዱን ደርሶ መልስ ስለ ቀነሰ 10.5 ይሆናል። አንድ ጊዜ የተከፈተው ግንኙነት ሳይዘጋ ቢቆይ ግን 3.5 ብቻ ነው። አንድ ተጠባባቂ ሳይጨመር፣ አንድ ብር ሳይወጣ፣ ጉዞው ወደ ሩብ ወረደ ማለት ነው። ሰርቨሩ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በአውሮፓ ቢቀመጥማ፣ አራቱ ደርሶ መልስ 200 ሚሊ ሴኮንድ ስለሚያልፉ ልዩነቱ ለዓይን የሚታይ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት የባሰ ስውር ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ምስጢር ባነበቡ ቁጥር እንደ አዲስ ማንነታቸውን እያስመሰከሩ ቶከን ይቀበላሉ። ቶከን መስጠት ግን ንባብ አይደለም፤ ጽሕፈት ነው። መሪው በዲስክ ላይ ማስፈር፣ ከአባላቱም የሚበዙት ማስፈራቸውን መጠበቅ አለበት። እንግዲህ «ንባባችን ዘገየ» የሚለው ባለጉዳይ በእውነቱ የሚያጉረመርመው በጽሕፈቱ ላይ ነው። ይህንንም ጽሕፈት የሚያነብ ተጠባባቂ አይነካውም፤ እርሱም ወደ መሪው ያስተላልፈዋልና። መፍትሔው ፕሮግራሙ የተሰጠውን ቶከን ዕድሜው እስኪደርስ ይዞ መቆየቱና እያደሰ መጠቀሙ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የኦዲት መዝገብ ነው። ካዝናው ማን ምን እንደ ጠየቀ ሳይጽፍ መልስ አይሰጥም፤ መዝገብ ሁሉ መጻፍ ካልቻለም ጥያቄውን ይይዘዋል። ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን መዝገቡ በዘገምተኛ ዲስክ ላይ ቢቀመጥ ንባቡ ሁሉ በዲስኩ እርምጃ ይሄዳል። ይህንንም ችግር የዲስክ መለወጥ እንጂ የተጠባባቂ መብዛት አያስወግደውም።

ሁለተኛው ጉድለት፤ የመንፈግ መዘግየት

እስካሁን የተናገርነው ዘዴው አንዳንድ ጊዜ የማይጠቅም መሆኑን ነው። ቀጥለን የምንናገረው ግን ሊጎዳ የሚችልበትን ነው።

የሚያነብ ተጠባባቂ ከመሪው ትንሽ ወደ ኋላ መቅረቱ የማይቀር ነው። መሪው የጻፈውን እስኪሰማ ድረስ የሚያውቀው የቀድሞውን ነው። ይህ ጉዳይ ለሠሪዎቹም የተሰወረ አልነበረም። በመጀመሪያ የታየው ችግር አንድ ፕሮግራም ከመሪው አሁን የተቀበለውን ቶከን ይዞ ወደ ተጠባባቂ ሲሄድ፣ ተጠባባቂው ገና ስላልሰማ «አላውቅህም» ብሎ የሚመልሰው መሆኑ ነው። ለዚህም በ2021 ጠያቂው «እስከዚህ ድረስ የሰማ ሰርቨር ብቻ ይመልስልኝ» የሚልበት ምልክት ወጣ። በ2022 ደግሞ ይኸው ምልክት በቶከኑ ውስጥ እንዲታተም ተደረገ። እስከዚያ ምልክት ድረስ ያልሰማ ተጠባባቂ ጥያቄውን መመለስ ካልቻለ 412 የሚል ቁጥር ሰጥቶ ደግሞ እንዲሞከር ያደርጋል።

ይህ መፍትሔ ብልህነት ያለበት ነው። የሆነ ሆኖ ማንን እንደሚጠብቅ ልብ ብለን እንመልከት። ምልክቱን ይዞ የሚመጣው ጠያቂው ነው። ስለዚህ የሚጠበቀው አዲስ ነገር ማየት የሚፈልገው ቅን ጠያቂ ነው። አሁን ነገሩን እንገልብጠው። ከላይ የጠቀስነው የበቾ ቦሬ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር በገበያ ቀን ተሰረቀ፤ በውስጡም ዕድሜው ያላለቀ ቶከን ነበረ እንበል። ወሬው ወዲያውኑ ወደ አዲስ አበባ ተነገረና መሪው ቶከኑን ሻረ። ሌባው ወይም ከሌባው የገዛው ሰው ቶከኑን በጅማ ላለው ተጠባባቂ ቢያቀርብ፣ በቶከኑ ላይ ያለው ምልክት ቶከኑ የተሰጠበትን ቀን የሚያመለክት ነው እንጂ የተሻረበትን አይደለም። ተጠባባቂው ያንን ምልክት ካለፈ ቆይቷል። እንግዲህ በምልክቱ ሕግ ብቻ ቢፈረድ ተጠባባቂው የሚነፍግበት ምክንያት አይኖረውም። ቅኑ ሰው አዲሱን ምልክት ይዞ ይመጣል፤ ሌባው ግን አሮጌውን ቢይዝ ይሻለዋል። ስለዚህ በጠያቂው እጅ የሚመጣ ምልክት ደንበኛውን ይጠብቃል እንጂ ካዝናውን አይጠብቅም።

«መሪውና ተጠባባቂው የሚለያዩት በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መስመሩ ደኅና በሆነ ጊዜ እውነት ነው፤ እኛም አንክድም። ጥያቄው መስመሩ ሲቆረጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው። የመስመር መቆረጥም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ2019 በሰኔ ወር በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወቃል። ከመሪው የተለየ ተጠባባቂ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው። ወይ የሚያውቀውን እየመለሰ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ የተሻረው ቶከን መስመሩ እስኪጠገን ድረስ በእርሱ ዘንድ ሕያው ሆኖ ይኖራል። ወይም መልስ መስጠቱን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ቅኑም ባለጉዳይ ባዶ እጁን ይመለሳል። ኤሪክ ብሩወር በ2000 ይህን ምርጫ በግምት መልክ አቅርቦት፣ ጊልበርትና ሊንች በ2002 በሒሳብ እንዳረጋገጡት፣ መስመር ሲቆረጥ አንድነት ያለው መልስንና ዘወትር መልስ መስጠትን አጣምሮ መያዝ አይቻልም። ለቡና ዋጋ ሰሌዳ የትናንትናውን ማሳየት ከባዶ ሰሌዳ ሊሻል ይችላል። ለካዝና ቁልፍ ግን የትናንትናው ፈቃድ ከባዶ ሰሌዳ የባሰ ነው።

ይኸው ጉዳይ በሌሎቹ የማፍጠኛ መንገዶችም ላይ ይታያል። በ2018 ከወጣው ከቮልት 1.0 ወዲህ በዲስክ የማይጻፍ፣ ስለዚህም በጣም ቀላል የሆነ የቶከን ዓይነት አለ። ይህ ቶከን በየትም ስላልተመዘገበ በተናጠል ሊሻር አይችልም፤ ዕድሜው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ምስጢሩን በፕሮግራሙ አጠገብ በጊዜያዊ ማከማቻ ይዞ መቆየትም እንደዚሁ ነው። በየመንገዱ ብንመረምር ፍጥነቱ የተገዛው በመንፈግ ችሎታ ሆኖ እናገኘዋለን።

ተቃራኒው ምሳሌም ያስተምራል። ካዝናው የተቀመጠ የይለፍ ቃል በመስጠት ፈንታ፣ ለጠየቀው ፕሮግራም ብቻ በዳታቤዙ ውስጥ አዲስ ተጠቃሚ ፈጥሮ ለአንድ ሰዓት የሚያገለግል የይለፍ ቃል የሚሰጥበት አሠራር አለ። ይህ ንባብ መስሎ ቢታይም ጽሕፈት ስለ ሆነ ቀርፋፋ ነው፤ ተጠባባቂም ብቻውን አይፈጽመውም። ነገር ግን በሚሻርበት ጊዜ ተጠቃሚው ከዳታቤዙ ራሱ ይሰረዛል። ስለዚህ የቱም ተጠባባቂ ምንም ቢመልስ የተሰረዘው ቁልፍ በሩን አይከፍትም። ለመስጠት የዘገየው ለመንፈግ የታመነ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ጉድለት፤ የበሮች መብዛት

ንባቡን ለማፍጠን ተጠባባቂውን ከባለጉዳዩ አጠገብ ማስቀመጥ ደስ የሚያሰኝ ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ምስጢር የሚፈታ ሰርቨር ሁሉ የመፍቻ ቁልፉን በማስታወሻው ውስጥ ተፈትቶ መያዝ አለበት። የሻሚር አምስት ድርሻዎች የሚጠብቁት የተዘጋውን ሰርቨር ነው እንጂ ተከፍቶ በሥራ ላይ ያለውን አይደለም። አዲስ አበባ ባለው የመረጃ ማእከል ዘበኛ፣ የመግቢያ መዝገብና የመጠባበቂያ ኃይል ይኖር ይሆናል። የኅብረት ሥራው ጽሕፈት ቤት ግን ሰርቨሩን የሚያስቀምጠው ምናልባት ከቡና ናሙናው መደርደሪያ አጠገብ ነው። ጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ለማትረፍ ሲባል ቁልፉ ወደዚያ ክፍል ተዛወረ ማለት ነው።

ከዚህም ጋራ እያንዳንዱ ተጠባባቂ ራሱ የመለሰውን በራሱ መዝገብ ይጽፋል። ቀድሞ «ይህን ቁልፍ ማን አነበበው?» ለሚል ጥያቄ አንድ መዝገብ ይገለጥ ነበር። አሁን ከየሰርቨሩ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ አንዱ መዝገብ ቢጎድል መልሱም ጎደሎ ይሆናል።

እንዲሆን የምናሳስበው

ሒስ ነቅፎ ብቻ እንዳይቀር፣ እንደ ሐሳባችን ሊሠራበት የሚገባውን ቅደም ተከተል እናመለክታለን። ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ነው፤ ይኸውም ስንቱ ሚሊ ሴኮንድ በጉዞ፣ ስንቱ ማንነትን በማስመስከር፣ ስንቱ በኦዲት መዝገብ፣ ስንቱ በሰልፍ እንደሚጠፋ ለይቶ ማወቅ ነው። ቀጥሎ ግንኙነቱን ሳይዘጉ መጠቀም፣ ቶከኑን እያደሱ መያዝ፣ የመሪውን ዲስክ ማሻሻል ነው። እነዚህ ሦስቱ ለነፃውም ለተከፈለበትም ፕሮግራም የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ከነሱም አንዱ እንኳ የካዝናውን የመንፈግ ችሎታ አይነካም። ይህ ሁሉ ተደርጎ መሪው በሰልፍ የተጨናነቀ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ወደ ሚያነቡ ተጠባባቂዎች መሄድ ይገባል።

ወደዚያም በተሄደ ጊዜ ንባቦችን በሦስት መደብ መክፈል ያስፈልጋል። በመጀመሪያው መደብ ያሉት ለሁሉ የተገለጡ ቁልፎችና የምስክር ወረቀቶች ናቸው፤ እነዚህን ማንኛውም ተጠባባቂ ቢመልሳቸው ጉዳት የለም። በሁለተኛው መደብ ያሉት የዘወትር የይለፍ ቃሎችና የምስጠራ አገልግሎት ናቸው፤ እነዚህን ተጠባባቂው ሊመልስ ይችላል፤ ነገር ግን ከመሪው ሳይሰማ የሚቆይበት ጊዜ በቁጥር ተወስኖ፣ ያ ጊዜ ሲያልፍ እንዲያቆም ነው። ሦስተኛው መደብ የክፍያ ቁልፍና የአስተዳዳሪ ቶከን ነው። እነዚህን መሪው ብቻ ይመልስ፤ ያም ካልሆነ ተጠባባቂው በእያንዳንዱ ጥያቄ መሪውን «እስከ የት ደርሰሃል?» ብሎ ጠይቆ፣ እስከዚያ ከደረሰ በኋላ ይመልስ። ይህ የመጨረሻው መንገድ አንድ ደርሶ መልስ ይጨምራል፤ ስለዚህ መዘግየትን አይቀንስም፤ ሆኖም የመፍታቱን ሥራ ከመሪው ላይ ያነሣል።

በሁለተኛው መደብ ላይ የተናገርነው ቁጥር የነገሩ ሁሉ ማሰሪያ ነው። ቁጥሩ 2 ሴኮንድ ቢሆን፣ የተሻረ ቶከን በተቆረጠ ተጠባባቂ ዘንድ ሊቆይ የሚችለው ከ2 ሴኮንድ እምብዛም አያልፍም ማለት ነው። 10 ደቂቃ ቢሆን 10 ደቂቃ ነው። ይህን ቁጥር የሚወስነው ፕሮግራሙን የጫነው ባለሙያ ብቻውን መሆን የለበትም። ገበሬዎቹ ገንዘባቸውንና ማሳቸውን አምነው የሰጡት መሥሪያ ቤት ነውና፣ ሓላፊዎቹ አውቀውት ሊፈርሙበት ይገባል።

ምናልባት «ቶከን የሚሻረው በዓመት ስንት ጊዜ ነው? ንባብ ግን በየሴኮንዱ ነው» ተብሎ እንመለስ ይሆናል። እውነት ነው፤ መሻር በብዛት አይመጣም። ነገር ግን ካዝና የተሠራው ለዘወትሩ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ መሳቢያ ይበቃ ነበር። ደግሞም የተነበበ ምስጢር አይመለስም፤ ሌባው አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ ቶከኑን መሻር አይበቃም፤ የይለፍ ቃሉን ራሱን መለወጥና በየፕሮግራሙ ማዳረስ ያስፈልጋል። አንዲት ዘግይታ የተነፈገች ንባብ የምታስከትለው ሥራ በብዙ ሺህ ፈጣን ንባቦች ከተገኘው ትርፍ ሊበልጥ ይችላል።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነውን በአጭሩ ለመሰብሰብ፣ ተጠባባቂ ሰርቨሮችን ማስነበብ ለተጨናነቀ መሪ የሚረዳ ዘዴ ነው። ለርቀት፣ ለአዲስ ግንኙነት መብዛት፣ በየጊዜው ማንነትን ለማስመስከርና ለዘገምተኛ ዲስክ ግን መድኃኒት አይደለም። ዋናው ጉድለቱም ቅኑን ጠያቂ ለማስተናገድ የወጣው ምልክት የተሻረውን ጠያቂ ለመንፈግ የማያገለግል መሆኑ ነው።

ስለዚህ ወደፊት በዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ጓደኞቻችን የንባብን መዘግየት በሚሊ ሴኮንድ ለክተው ሲያቀርቡ፣ ከጎኑ ሁለተኛ ቁጥር እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን፤ ይኸውም መሪው ቶከን ከሻረበት ቅጽበት አንሥቶ የመጨረሻው ተጠባባቂ እስኪነፍግ ድረስ ያለውን ጊዜ፣ መስመሩ ደኅና ሲሆንና መስመሩ ሲቆረጥ ለየብቻ ለክተው ነው። አስተማሪዎቻችንም ሁለተኛው ቁጥር የጎደለውን ጥናት ሲያገኙ መልሰው ቢጠይቁበት፣ በየጽሕፈት ቤቱ የሚተከለውን ካዝና ከወዲሁ እንዳሻሻሉት ይቆጠራል።